የደረጃው ማረፊያ

«ተይው! አንቺ አታንሺ!» አለች የባሏ እህት፣ የሻይ ብርጭቆ የተደረደረበትን ትሪ ከእጇ እየቀማቻት።

ትሪው አይከብድም ነበር። ግን ለመከራከር አቅም አጣችና ተመልሳ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አማቷ ከሞቱ ሦስተኛ ቀን ነው። ወገቧ ዝሏል፤ «ያጽናሽ» ለሚላት ሁሉ ራሷን ትነቀንቃለች።

ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት ጎረቤት አጠገቧ ላለችው ሴት፣ ያንሾካሾከች መስሏት ታወራለች።

«ያ ፅንስ ከወረደ ወዲህ እኮ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምራቷን ዕቃ አላስነካችም። በዚያ በደከመ ልቧ ሳፋ ተሸክማ ስትወጣ ስትወርድ...»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

«እኔ መቼ ጮህኩ?»

ሰምታለች። ሦስት ቀን ሙሉ ለራሷም የምትለው ይህንኑ ነበር።

እሷና አማቷ ይተዳደሩ የነበረው የፔንሲዮን አንሶላ በማጠብ ነው። ግቢው ውስጥ አጥበው ጣሪያው ላይ ያሰጡ ነበር። የዛሬ ስምንት ወር፣ ሦስተኛ ወሯን እየጨረሰች ሳለ ሆዷን ከታች ይቆርጣት ጀመር፤ ትንሽ ደምም አየች። ለማንም አልተናገረችም። በማግሥቱ አማቷ «ዝናብ ሳይቀድመን ያን ሳፋ አውጪው» አሏት። አነሳችው። የሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ማረፊያ ላይ ስትደርስ ደሙ እስከ እግሯ ወረደ።

ሆስፒታል «ያልተሟላ ውርጃ ነው፣ ማህፀኗ ይጠረግ» ሲባል ሰምታ «እኔ አላስወረድኩም!» ብላ ጮኸች።

«ማንም አስወረድሽ አላለም፣ የኔ እህት» አለቻት ነርሷ። «በራሱ የወረደውንም ውርጃ ነው የምንለው። ያልተሟላ ያሉት ውስጥ የቀረ ስላለ ነው።»

ቤት ሲመለሱ አማቷ አላጽናኗትም፣ አልተቆጧትምም። በማግሥቱ ሳፋውን ራሳቸው ተሸከሙ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እሳቸው ከፊት፣ እሷ ባዶ እጇን ከኋላ። ያቺ ማረፊያ ላይ ሲደርሱ ሳፋውን አስቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይቀመጣሉ። እሷ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ትቆማለች። ዝምታቸውን እንደ ፍርድ ቆጠረችው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት የሥራ ልብሷን በሹራብ ሸፍና ገባችና አጠገቧ ተቀመጠች። ያቺው ነርስ ነበረች።

«ሲስተር! እንዴት ሰማሽ?»

«ሰፈራችሁ ወሬ ያድራል እንዴ?» አለች፣ ወደ ሬዲዮ በዓይኗ እየጠቆመች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማማን ሳውቃቸው ቆይቻለሁ። ሦስት ጊዜ እኔ ጋ መጥተዋል።»

«ምን ሆነው? ልባቸውን?»

«ስለ ልባቸውማ አንድ ቀን አላነሱም። ሦስቴም አንድ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ‹ሳፋውን አውጪ ያልኳት እኔ ነኝ። ገደልኩት ወይ?›»

«ምን አልሻቸው?»

«እውነቱን ነዋ። አልትራሳውንዱ ሲታይ ፅንሱ ማደግ ካቆመ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አንዳንዴ ሞቶም ሳይወርድ ይቆያል። ብዙውን ጊዜ ገና ሲፈጠር ነው ጉድለት የሚኖረው። ያንቺን ሳፋው አላመጣውም።»

«እኔ ግን ደሙን በዋዜማው አይቼ ደብቄያለሁ። ሥራ እንዳይቀር ብዬ። እሳቸውም አያውቁም።»

«ሁለተኛ እንዳትደብቂ። ደምና ቁርጠት ካየሽ ያኔውኑ ነይ። ያን ቀን ግን እየሮጥሽ ብትመጪም የሚተርፍ ነገር አልነበረም።»

«እሳቸው አመኑሽ?»

ሲስተር ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ቢያምኑኝማ ሦስቴ ይመጡ ነበር?»

አመሻሹ ላይ ሰው ሲቀልል ወደ ግቢው ወጣች። አማቷ የዘፈዘፉት አንሶላ ሦስት ቀን ሙሉ ያስታወሰው አልነበረም፤ ውሃው መሽተት ጀምሯል። ደፍታ አለቀለቀችው፣ ጨመቀችው፣ ሳፋው ውስጥ መልሳ ከመረችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?» የባሏ እህት ከበሩ ሮጣ መጣች። «ተይ፣ ወንዶቹ ያወጡታል!»

«ልቀቂኝ እስቲ።»

በሁለት እጇ አነሳችው። ከብዷል፤ እሳቸው ስምንት ወር የተሸከሙት ክብደት። አንድ በአንድ እየረገጠች ወጣች። የሁለተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ ስትደርስ ሳፋውን አስቀመጠችና አማቷ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች፤ ጎኗ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ እንዲኖር።