ቅርፊቷ እስኪጠነክር

በሸርጣን ማርቢያው ባልደረቦቹ «መቀስ» ነው የሚሉት። የሴቷን ሸርጣን አንዱን የዓይን ዘንግ ቆረጥ ሲያደርግ እሷ ራሷ ያወቀች አትመስልም። ዘንጉ ውስጥ ያለችው እጢ የምታመነጨው ሆርሞን «ቆይ፣ ገና ነሽ» እያለ ቅርፊት መጣሉንም እንቁላል መያዙንም ያግዳል። አንደኛዋ እጢ ስትነሳ እገዳው ይላላል። መቀስ ይህን ለእንግዳ ሲያስረዳ ከአፉ ማር ጠብ ይላል።

ሸርጣኖቹን የምትቀልበው ሚስቱ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ ጠበቁ። እሷም የሆርሞን መርፌ ስትወጋ ከርማ፣ በስንት መከራ አረገዘች። «ዓይኔን ሳትቆርጥ ተሳካልህ» ብላ ስትቀልድበት ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በአራተኛ ወሯ አስወረዳት።

ሐኪም ቤት የገባች ቀን አልጋዋ አጠገብ ዋለ። በማግስቱ ግን ሥራ ተከምሮብኛል ብሎ ሄደ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሥራው ሰበብ ነው፤ ፊቷን ማየት አቅቶት ነው። ያስታመመቻት እህቷ ናት። ቤት ከገባችም በኋላ ማልዶ ይወጣል፣ አምሽቶ ይገባል። ፈራ፤ ሌላ ምን ይባላል!

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሥራ ገባች። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ወደ «ቀበጧ» ሄደች፤ ከጥፍር ካነሰችበት ጊዜ ጀምሮ ያሳደገቻት ሸርጣን ናት። ቀበጧ ትናንት ቅርፊቷን ጥላለች። ወንዱ ሸርጣን ከመጣሏ በፊት ጀምሮ አቅፏት ከርሟል፤ ከጣለች በኋላም አዲሱ ቅርፊቷ እስኪጠነክር ከላይዋ ሆኖ ከሌሎቹ ይጠብቃታል። እስከዚያ ድረስ እሱን ከገንዳው ማውጣት ክልክል ነው። መቀስ ግን ከተዳቀሉማ አለቀ ብሎ ማታውኑ ወደ ሌላ ገንዳ አዛውሮታል።

ገንዳው ውስጥ ያገኘችው አንድ እግርና ትንሽ ብጥስጣሽ ነው። ሌሎቹ ሸርጣኖች በልተዋታል።

ወንዱን ማን እንዳወጣው ጠየቀች። መቀስ በተረኛው ማላከክ ይችል ነበር፤ ምላሱ እምቢ አለው።

«እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ ምን ያደርግላታል ብዬ።»

«ምንም አያደርግላትም» አለች። «አጠገቧ ይሆናል፣ በቃ።»

ስለ ሸርጣኗ ብቻ እየተናገረች እንዳልሆነ ገባው። እሷ ብጥስጣሹን በመረብ ለቅማ አወጣች፣ ገንዳውን አጠበች፣ ጓንቷን አውልቃ መስቀያው ላይ ሰቀለች።

«ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ጋ ነኝ» አለችው። «እስክጠነክር።»

«ስንት ቀን?» አላት፤ የሚጠየቅ ነገር የጠፋ ይመስል።

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።