ባዶውን የተሸኘው መኪና

ዘያና የልጇን የያዕሩብን መኪና ከሩቅ በድምፁ ታውቀዋለች። ድንጋያማውን ደረቅ ወንዝ ጨርሶ ዳገቱን ሲጀምር መጀመሪያ ያጓራል፣ ቀጥሎ ያፏጫል፣ መጨረሻ ላይ አሮጊት አልጋዋ ላይ ስትወጣ እንደምታቃስተው ያቃስታል። ይሄኔ «አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰ» ትላለች። እስከዚያ ግን ነፍሷ ከእሷ ጋር አይደለችም። ፍሬኑ እምቢ ቢለውስ? ደራሽ ጎርፍ ቢይዘውስ? ወይ ልጁ ደክሞት እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርገውስ?

መኪናው በደህና ዘመኑ የሼኾች መኪና ነበር፤ ወንበሩ ቆዳ፣ ጣራው መስታወት። ያዕሩብ ዋና ከተማው ሙስካት ውስጥ ጥሩ ደመወዝ በነበረው ጊዜ ከሰው እጅ ገዛው። ዛሬ መስታወቱ አይከፈትም። ዳሽቦርዱ ላይ አንዱ መብራት ሲጠፋ ሌላው ይበራል። ከሁሉ የከፋው እግሩ ነው። እንደ ሌላው መኪና የብረት ሞላ የለውም፤ የሚሸከመው በአየር የተነፋ ነገር ነው። ሌሊት አየሩ ሾልኮ ያልቅና ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክኮ ይገኛል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ እየተነፈሰ፣ ቀስ እያለ ከፍ ይላል።

ቢሆንም እዚህ የሚደርስ ሌላ መኪና የለም። መንገዱን ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ትንንሾቹ መኪኖች መምጣት ተዉ፤ ሰዉም መኪኖቹን ተከትሎ ወረደ። የቀሩት ዘያናና ጎረቤቷ ሞዛ ብቻ ናቸው፣ ከፍየሎቻቸው ጋር። ያዕሩብ አንድ ጊዜ ከተማ ወስዷት ነበር። ፎቁ ላይ እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ ሲላት መልሶ አመጣት። እናም ሐሙስ ማታ ይመጣል፣ ቅዳሜ ይመለሳል።

በዚያ መንደር ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። ባዶውን የሚሸኘው የተጣሉት ወይም የረገሙት ነው። ስለዚህ ዘያና ሁልጊዜ ቅዳሜ መኪናውን ታስጭናለች፦ ተምር በጆንያ፣ የተምር ማር በጀሪካን፣ የደረቀ ሎሚ፣ የታረደ ፍየል፤ ለምራቷ እናት ሌላ፣ ለጎረቤቶቹ ሌላ። የመኪናው ኋላ ዝቅ ባለ ቁጥር ልቧ ይሞላል።

«እንዲህ ነው እንጂ» ትላለች ሞዛ። «ወገቡ ካልጎበጠ እናት እንዳለው በምን ይታወቃል?»

የዚያን ቅዳሜ ግን መኪናው አልነሳ አለ። ፊቱ ተነሳ፣ ኋላው መሬት ላይ ቀረ። ያዕሩብ ሥሩ ገብቶ ወጣ፤ ነጭ ቀሚሱ አፈር መሰለ።

«ምን ሆነብህ፣ የኔ አባት?»

«ምንም አይደል እማ። አርጅቷል፤ ጠዋት ጠዋት ስንፍና አለበት።»

«አንተም አልተኛህም። ዓይንህ ቀልቷል።»

«ተኝቻለሁ።»

ውሃ ልታመጣለት ገባች። ስትመለስ ከግንቡ ጀርባ ሆኖ ከሚስቱ ጋር በስልክ ያወራል።

«አዎ፣ የኋላው ነው፤ ባለፈው ያስቀየርኩት። ጭነት አይችልም ብለውኝ ነበር እኮ… እንዴት ብዬ? እናቴ የሰጠችኝን መልሼ ላውርድ? ከዚያ የደመወዜን ግማሽ ጋራዡ ቢበላው ይሻለኛል… ትንሿን ብገዛ ማን እዚህ ያደርሰኛል?… እሺ፣ እሺ። አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከሆነ እሸጠዋለሁ።»

ዘያና ማሰሮውን እንደያዘች ቆመች። ለካ የመኪናውን ወገብ ስትሰብር የኖረችው እሷ ናት። በየሳምንቱ በገዛ እጇ፣ እየመረቀች። ሰማሁህ እንዳትለው፣ ለእሷ ሲል የደበቀውን ገልጣ ልታሳፍረው ነው። በእግር ጣቷ ወደ ቤት ተመለሰች።

ወደ ቀትር ላይ የመኪናው ኋላ እንደ ምንም ተነሳ። ያዕሩብ የኋላውን በር ከፍቶ እንደ ልማዱ ጠበቀ። ጆንያዎቹ ደጃፉ ላይ ተደርድረዋል። ዘያና ፊታቸው ቆማለች።

«ልጫነው እማ?»

«የቱን?»

«ተምሩን።»

«ነቅዟል።»

«ጠዋት በላሁት እኮ፤ ደህና ነው።»

«የበላኸው የላይ የላዩን ነው። ዝጋው በሩን።»

«ሎሚውስ?»

«ሎሚውም።»

ሞዛ ከደጇ ሆና ሳቀች። «ይሄን ድንጋይ የሆነ ሎሚ ደግሞ ነቀዝ በምን ጥርሱ ነው የሚበላው? ፀሐይ መታሽ እንዴ ዘያና?»

«አንቺ ፍየሎችሽን ጠብቂ።»

ያዕሩብ አልሳቀም። «ልጆቹን ስላላመጣሁ ነው? እናታቸው መንገድ ላይ ይቆምብናል ብላ ፈርታ እኮ ነው።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ሂድ፣ ሳይመሽብህ።»

ግንባሯን ሳማት። አንገቱን ሰብሮ ባዶውን መኪና አስነሳ።

«ምን ቢበድልሽ ነው?» አለች ሞዛ መኪናው ሲርቅ። «ልጅ እንዲህ ይሸኛል? ሁለተኛ የሚመጣ ይመስልሻል?»

ዘያና እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻት። እያዳመጠች ነበር። መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ፣ ድንጋዮቹን አለፈ፤ አንድ ጊዜም አላቃሰተም።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ።

«አስፋልት ገባሁ እማ።»

«ተንገራገጨብህ?»

«ኧረ የለም። ባዶውን ሲሆን ወጣት ነው። ጠዋት ሰምተሽኛል፣ አይደል?»

«ጆሮዬ መድከሙን አታውቅም?»

«እማ።»

ልትክድ አሰበች፤ አንደበቷ አልታዘዛት አለ። «ምንም አልሰጥህም» አለችው። «ለምራቴም፣ ለማንም። ባዶህን ና፣ ባዶህን ሂድ። ሰው የፈለገውን ይበል። ብቻ አትሽጠው።»

«ጋራዥ መግባቱ አይቀርም። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ አንድ ወር ይሆናል፣ ከዚያም ይበልጥ ይሆናል። እስከዚያ መምጫ የለኝም።»

«ይቆይ። አትሽጠው እንጂ ይቆይ።»

«እሺ» አለ።

እሺ ያለው ለመቆየቱ ይሁን ላለመሸጡ ልትጠይቀው ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ከተራራው ጥግ ገብቶ ይሆናል። መልሳ አልደወለችም፤ እየነዳ ስልክ ቢያነሳስ?