የማስመሪያ እጅ

ሥራዬ የሰው ጭንቅላት ፎቶ ማንሳት ነው። በሽተኛውን ኤምአርአይ ማሽኑ ውስጥ አስተኛለሁ፣ «እንዳትነቃነቅ» እላለሁ፣ ከመስታወቱ ወዲህ ቁጭ ብዬ ማሽኑ ሲያንኳኳ እሰማለሁ። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ እኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳየው የኖርኩትን ማን ሊያስተምረኝ ባይ ነኝ። ጥጋብ ነው ብትሉኝ አልጣላችሁም።

ታናሽ ወንድሜ ታፔላ ጻፊ ነው። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚያሰምር ሰፈሩ «ማስመሪያ» ብሎ ነው የሚጠራው። እናት አባታችን ካለፉ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ስለ እሱ የሚጠየቅ ነገር ሁሉ የሚመጣውም ወደ እኔ ነው።

ባለፈው ዓመት የአንድ መድኃኒት ቤት ታፔላ ሲጽፍ ከመሰላል ወደቀ። ምስሉን ያነሳሁት ራሴ ነበርኩ። አንጎል ወደ አንገት በሚወርድበት ግንድ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ደም አየሁ። «ይህችማ ትመጠጣለች» አልኩ፤ ተመጠጠችም። በወሩ መሰላሉ ላይ ተመልሶ ወጣ። ምስሉን ያነበበው ሽማግሌ ሐኪም ውጤቱን በፖስታ አሽጎ በእጄ ሰጥቶኝ ነበር። እኛ ፎቶ አንሺዎች አንድ አመል አለብን፤ ምስሉን ካየን ወረቀቱን አናነብም። ፖስታውን የሥራ ልብሴን ከማስቀምጥበት ቁም ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት።

በአምስተኛው ወር ማስመሪያ መንገዳገድ ጀመረ። ምላሱ ተሳሰረ፣ ብሩሽ ሲይዝ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ለአንድ ዳቦ ቤት የጻፋት «ዳ» እንደ ጸሐፊዋ አንድ እግሯ ተንሻፎ ነበር።

«ጠጥተሃል?» አልኩት።

«አንቺን ይንሳኝ እታለም፣ በአፌ አልዞረም! ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ ይልብኛል።»

«እንግዲያው ሰዓት ውጠሃል» ብዬ ሳቅኩበት። አፉን አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። ማስቲካ አኝኮበታል ብዬ ደመደምኩ። ሰው አንዴ ከፈረደ ማስረጃ አያጣም።

በዚያው ሰሞን የእጮኛው ታላቅ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይጠጣል ይባላል። እህቴ በፍጹም ብላ ትሟገተኛለች። እርስዎ የሐኪም ቤት ሰው ነዎት፤ ያሉኝን እይዛለሁ።»

«የገዛ ሥጋዬ ቢሆንም አልደብቅም» አልኩት። «ይጠጣል። እኔ ብሆን እህቴን አልሰጥም።»

አመስግኖኝ ሄደ። እኔም ሐቀኛ ነኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ። በሳምንቱ ቀለበቱ ተመለሰ፤ ልጅቷም ብዙ ሳትቆይ ሌላ ሰው አገባች። ወንድሜ «ማን ነው ስሜን ያጠፋው?» እያለ ሲብሰለሰል፣ «የሰው አፍ ነዋ» አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ እኔም ሰው ነኝ፣ አፍም አለኝ።

ባለፈው ሰኞ ደረጃ ላይ ወደቀ። መጠጥ አንጎሉን ምን እንዳደረገው በዓይኑ ላሳየው ብዬ፣ ሽማግሌውን ሐኪም አስፈቅጄ እየጎተትኩ አመጣሁት። ማሽኑ ለአፍታ ጸጥ ሲል በድምፅ ማጉያው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር መጣ።

«ምላስህን አታጩህ፣ ምስሉ ይበላሻል!»

«እኔ አይደለሁም እታለም። ያልኩሽ እሱ ነው።»

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። ወዲያው ምስሉ ወጣ። የአንጎሉ ግንድ ላይ አንድ ጎኑ አብጦ ነጭ ሆኗል። ዕጢ ነው ብዬ እየሮጥኩ ሐኪሙን ጠራሁት።

ሐኪሙ መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ አየው። «ዕጢ አይደለም። ይህቺ ወይራ የምንላት ናት፣ ቅርጿ የወይራ ፍሬ ስለሚመስል። በዚያች ደም የተነሳ ከላይ የሚመጣላት መልእክት ተቋረጠባት። መልእክት ያጣ ነገር ይኮሰምናል አይደል? እሷ ግን መጀመሪያ ታብጣለች። ከወራት በኋላ ነው የሚታየው፤ ላንቃ ይርገበገባል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አካሄድ ይበላሻል። ብርቅ ነው፤ በዕድሜዬ ሦስት ጊዜ ባየው ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ግን እኮ ጽፌልሽ ነበር፣ ልጄ።»

ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ፖስታው ከአሮጌ ነጠላ ጫማዬ ሥር እንደታሸገ ነበር። ከውጤቱ ግርጌ በእስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ ደም የፈሰሰበት ቦታ አላማረኝም። ከወራት በኋላ እጁ፣ አካሄዱና ንግግሩ ሊበላሽ ይችላል። የሰከረ ይመስላል። ሰው እንዳይፈርድበት ለቤተሰቡ አስቀድመሽ ንገሪ።»

ቤተሰቡ እኔ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ወረቀቱን ይዤ ቁም ሣጥኑን ተደግፌ አለቀስኩ።

ማስመሪያ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ ከጫማው ማሰሪያ ጋር ይታገል ነበር። የሐኪሙን ቃል ነገርኩት፣ ወረቀቱን ሰጠሁት። ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ ቀስ ብሎ አነበበና ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እጄ ይመለሳል?»

«መድኃኒት ትንሽ ያረግበው ይሆናል። እንደ ድሮው ግን አይሆንም።»

ወረቀቱን በሁለት እጁ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

«እሷ መቼም አግብታለች፣ አትመለስም። ግን ሰካራም እንዳልነበርኩ ትወቅልኝ። ለወንድሟ ንገሪልኝ እታለም። እኔ ብነግረው ይህን ምላሴን ሰምቶ ይስቅብኛል። አንቺን ግን ያምንሻል።»

«ያኔም አምኖኛል» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም፤ የምቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ጫማውን ሳያስር ተነሳ። ልደግፈው እጄን ብዘረጋ አልያዘውም፤ ግድግዳውን ይዞ ወጣ።