ግራ ክንዱን ነበር ያቀረበው

ጀንበሬ በአርባ አራት ዓመቱ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ ሰው ክንዱን እንዲሰብርለት ፈለገ። ውሸት የመሰለው ካለ ጅቡቲ ወርዶ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለውን ሰፈር ይጠይቅ። አጥንቱ ሲሰበር የወጣው ድምፅ ከከተማው ማዶ ባልባላ ድረስ ተሰምቶ የሰው ፍየል ሁሉ ገመድ በጥሶ ጠፍቷል ይላሉ። የፍየሎቹን ነገር እኔ ጨምሬበት ሊሆን ይችላል። በክንዱ ላይ ግን አንድም አልጨመርኩም።

ጀንበሬ በወደቡ የትራንዚት ሥራ ከጀመረ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ኮንቴይነር ወረቀቱ በእሱ እጅ ያልፋል። አንድ የጭነት መኪና ለምን ስድስት ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ጎማው እንደ ማስቲካ እስኪለሰልስ እንደሚጠብቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን ዕውቀቱን በወግ ጽፎ በቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬት ሊያደርገው ተነሣ። ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለት ጊዜ «እናዝናለን» የሚል ደብዳቤ መጣለት። በሦስተኛው፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ማሌዥያ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ሳይለቅ በርቀት እንዲማር ተቀበለው።

አለቃው ሙሐመድአሚን ደብዳቤውን ገልብጦ ገላልጦ አየና፣ «ግማሹን ድርጅቱ ይከፍልልሃል። መጀመሪያ ግን የራስህን ግማሽ ከፍለህ ደረሰኙን አምጣ» አለው።

የእሱ ግማሽ አንድ ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ የጅቡቲ ፍራንክ ነበር። ሞተር ብስክሌቱን ሸጠ። ፍሪጁን ሸጠ፤ ያውም በሐምሌ፣ የቧንቧው ውኃ ሻይ ሊያፈላ ጥቂት በቀረው ሰሞን! ሚስቱ ጽጌሬዳ ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን የወርቅ አምባሯን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና፣ «ሳትጨርሰው ብትቀር በዚሁ እጄ ነው የማንቅህ» አለችው።

አምባሩም ተሽጦ ስድስት መቶ ሺህ ጎደለ። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነው፤ ባንኩ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ አርባ አምስት ዓመት የሞላውን አዲስ ተማሪ አይቀበልም። ጀንበሬ መስከረም ላይ አርባ አምስት ይሞላዋል። ይህ ሐሙስ ካመለጠው ሌላ ሐሙስ የለውም።

ስድስት መቶ ሺህ ማለት ደግሞ የሾፌሮቹ እቁብ ልክ ነው። ሠላሳ ሰው ሃያ ሃያ ሺህ እየጣለ በወር አንድ ረቡዕ በእትዬ አበዛሽ ምግብ ቤት ግቢ ዕጣ ያወጣል። ዳኛው ጋሽ ይታገሱ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከመኪና ጡሩምባ የማይለይ ሰው። ጸሐፊው ራሱ ጀንበሬ ነው። ባለፈው ወር ያለ ዕጣ ይሰጠኝ ብሎ ቆሞ ነበር።

«ሠርግ አለብህ?» አሉት ጋሽ ይታገሱ።

«የለብኝም።»

«ሰው ሞቶብሃል?»

«እግዜር ይመስገን፣ አልሞተብኝም።»

«መኪናህ ተገልብጧል?»

«ጋሽ ይታገሱ፣ እኔ መኪና የለኝም።»

«እንግዲያማ ምን ጎደለህ? ተቀመጥ፣ ዕጣህን ጠብቅ።»

ሾፌሮቹ እየሳቁ ጠረጴዛውን ደበደቡት። «ዶክተር፣ መርፌህን ይዘህ ቁጭ በል!»

ሰኞ ዕለት ጀንበሬ የእቁቡን ደንብ ከመሳቢያ አወጣ። አንቀጽ ሰባት በገዛ እጅ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ «አጥንቱ የተሰበረ አባል ያለ ዕጣ እቁቡን ይውሰድ። ስብራቱን ራሱ ፈልጎት ከሆነ ግን ይከልከል።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ያስጨመረው፣ የልጁን ልደት ለመደገስ ብሎ የመኪና ማንሻ ክሪክ እግሩ ላይ የጣለ አንድ ሾፌር ነበር።

ጀንበሬ አንቀጹን ሦስት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ እንደ በግ ገዢ አገላብጦ አያቸው። ቀኙ ያስፈልገዋል፤ ባንክ የሚፈርመው በእሱ ነው። ግራውን መረጠ።

ሰባሪውን ለመምረጥም አልተቸገረም። ጫላቸው የሚባለው ሾፌር ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። የጭነት መኪና ጎማ እንደ ዳቦ በብብቱ ይዞ ይሄዳል። አንዴ ጋላፊ በረሃ ላይ መንገድ የዘጋ ግመል በቡጢ መትቶ እንቅልፍ አስወስዶታል፤ ግመሉ ሲነቃ ራሱ ይቅርታ ጠየቀ የሚሉም አሉ። ጫላቸው ግራኝ ነው። ይህንን ግራኝነቱን መላው የመኪና ማቆሚያ ያውቃል። ጀንበሬም ያውቅ ነበር፤ በዚያን ቀን ብቻ ረሳው።

ማክሰኞ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ሄደ። ጫላቸው ተንበርክኮ ጎማ ይፈታል።

«አንተ የሰው ቅርጽ ያለህ ማዳበሪያ!» አለው ጀንበሬ።

ጫላቸው ቀና ብሎ ሳቀ። «ጋሽ ጀንበሬ፣ ደህና አደሩ? ሙቀቱ ነው አይደል? ሻይ ልዘዝልዎት?»

«ሰካራም!»

«እሱስ ልክ ነው» አለ ጫላቸው፣ እጁን እየጠረገ።

«ፈሪ! ሌባ! ናፍጣ ቀድተህ የምትሸጥ!»

«እሱማ ሁላችንም ነን። ተቀመጡ እስቲ፣ ፊትዎ ላብ በላብ ሆኗል።»

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰደበው። ሰውየው እንደ ታናሽ ወንድም ውኃ ያቀርብለታል። ጀንበሬ ሊያለቅስ ደረሰ። ያን ጊዜ ዓይኑ መኪናው ግንባር ላይ አረፈ። ከሁለቱ የፊት መብራቶች በላይ፣ በቀይ ቀለም «የምስራች» ተብሎ ተጽፏል። የጫላቸው ሴት ልጅ ስም ነው። ጫላቸው ያንን ጽሑፍ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ሳይወለውል አያድርም።

ጀንበሬ ድንጋይ አነሣና የቀኙን መብራት አደቀቀው። ከዚያ የግራውን።

የጫላቸው ሳቅ እንደ መብራቱ ጠፋ። መጀመሪያ በጥፊ መታው፤ ጀንበሬ በአንድ ጆሮው ባሕር፣ በሌላው ደወል ሰማ። ኮሌታውን ይዞ አንሥቶ ከራዲያተሩ ጋር አጋጨው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከአፍንጫው የወጣ ደም «የምስራች» ላይ ተረጨ፤ ይህ ደግሞ ጫላቸውን ይብስ አሳበደው። በዚህ ሁሉ መሀል ጀንበሬ የደም ግፊት እንደሚለካ ሰው ግራ ክንዱን ወደፊት ዘርግቶ ይዟል።

የግራኝ እጅ ግን ፊት ለፊቱ ያገኘው ቀኙን ነው። ጨብጦ ወደ ኋላ ጠመዘዘው፣ የመኪናው ፓራውልት ላይ አስደገፈው፣ በጉልበቱ ወረደበት።

«ግራውን!» ብሎ ጮኸ ጀንበሬ። «ግራውን!»

ቀጭ አለ። እንደ ደረቅ ማገዶ።

ወሰኑ የሚባል ሾፌር ከሌሎች አምስት ጋር ሆኖ ነው ያላቀቃቸው። ከአምስቱ ሁለቱ እስካሁን ወገባቸውን ያማቸዋል።

ረቡዕ ከሰዓት፣ እትዬ አበዛሽ ግቢ፣ እቁቡ ተሰበሰበ። ገንዘቡ በጥቁር ፌስታል ተቋጥሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጀንበሬ ቀኝ ክንዱ ከትከሻ እስከ ጣቶቹ በጄሶ ተጠቅልሎ ከፌስታሉ ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል። ጫላቸው ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቷል።

«መጀመሪያ የሰባሪውን ነገር እንጨርስ» አሉ ጋሽ ይታገሱ። «አባል የሰበረ አባል እስካሁን የጣለውን ተቀምቶ ይባረራል። ከዚያም ለፖሊስ ነው የምናስረክበው። ፖሊስ ደግሞ የውጭ ሰው ሲደባደብ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ጋላፊ ድንበር ወስዶ ይሸኘዋል፤ ተመልሶ አይገባም።»

ይህ ማለት መኪናው ቀረ፣ እንጀራው ቀረ ማለት ነው።

«ልክ ናችሁ» አለ ጫላቸው። ያ ግመል የጣለ ሰውዬ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። «ጋሽ ጀንበሬን የመሰለ ሰው፣ ወረቀቴን ስንቴ በነፃ የጻፈልኝን ሰው ሰበርኩት። እጄን ቁረጡት።»

ጀንበሬ ፌስታሉን አየው። ጫላቸውን አየው። ዝም ቢል ነገ በአምስት ሰዓት ባንክ ነው።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለ ወሰኑ ወደ ጀንበሬ ዞሮ። «ሲሰበር ለምን ነበር ግራውን፣ ግራውን ያልከው?»

ጀንበሬ ተነሣ። «እኔ ነኝ የፈለግሁት» አለ። «ለአንቀጽ ሰባት ብዬ። ጫላቸው ምንም አላጠፋም፤ መብራቱን የሰበርኩት እንዲሰብረኝ ነው። ገንዘቡን አልወስድም።»

ግቢው ተገለባበጠ። ወንበር በረረ፣ ድስት በረረ፣ አንዱ የአንዱን ሸሚዝ ቀደደ፤ ለምን እንደሚደባደቡ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ጫላቸው ያን ሁሉ ሰው እንደ መጋረጃ እየገለጠ መጣ።

«የልጄን ስም… ደም ያስቀባኸኝ… ለእቁብ ነው?»

«ጫሌ፣ ይቅር…»

ግራ ቡጢው መንጋጋው ላይ አረፈ። ጀንበሬ ከነጄሶው ተነሥቶ በጠረጴዛው ላይ በረረ፤ ሁለት ጥርሱ ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። አንደኛው ጋሽ ይታገሱ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አለ።

ጋሽ ይታገሱ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው ጥርሱን ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ያንን ጡሩምባቸውን ለቀቁት። «ጸጥታ! አበዛሽ፣ መንጋጋውን ዳብሺው።»

እትዬ አበዛሽ ተንበርክካ ዳበሰችው። ጀንበሬ እንደ ውሻ አላዘነ። «ለሁለት ነው የተከፈለው» አለች። «ወጌሻም አያስፈልገው፣ እኔው አውቀዋለሁ።»

«ይኸኛውን ስብራት ፈልጎታል?» አሉ ጋሽ ይታገሱ ወደ ሰዉ ዞረው። «ይቅርታ ሲል አይደል የተመታ?»

«አልፈለገውም!» አለ ግቢው በአንድ ድምፅ።

«መንጋጋ አጥንት ነው አይደለም?»

«ነው!»

«አንቀጽ ሰባት።» ፌስታሉን በሁለት ጣታቸው ወደ ጀንበሬ ገፉት። «ሁለት መብራት፣ ሁለት ጥርስ። ተቻችሏል፣ የሚባረርም የለም። እቁብ ለሚወስድ ዋስ ያስፈልጋል፤ ዋስ የሚሆነው ማነው?»

ጫላቸው የደማ ቡጢውን በሱሪው ጠረገና እጁን አወጣ።

ሐሙስ ከአምስት ሰዓት ተኩል። ጀንበሬ መንጋጋው በሻሽ ታስሮ፣ ጫላቸው ፌስታሉን ይዞለት ባንኩ መስኮት ላይ ቆሙ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሩቅያ ገንዘቡን ቆጥራ ወደ ሒሳቡ አስገባችና የማስተላለፊያውን ወረቀት ሰጠችው።

«ይፈርም።»

ጫላቸው በሶማልኛውም በአረብኛውም ቀላቅሎ ለመናት። ክንዱን እይው እህቴ፣ እኔ ልፈርምለት? በግራው ይፈርም? በጣቱ?

«ፋይሉ ላይ ያለውን ፊርማ ነው የምቀበለው» አለች ሩቅያ። «አለበለዚያ የኖተር፣ የውል አዋዋዩ ወረቀት፤ አንድ ሳምንት ይፈጃል።» ሰዓቷን አየች። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

ጀንበሬ መናገር አልቻለም። ጄሶውን አንሥቶ ወደ ጫላቸው ዘረጋ። ስበርልኝ ያለው በዓይኑ ነው።

«አይሆንም» አለ ጫላቸው። «ጋሽ ጀንበሬ፣ ሁለተኛ እኔ…»

ጀንበሬ አልሰማም። ወደ ውጭ ወጥቶ ክንዱን የባንኩ ደረጃ ድንጋይ ላይ አጋደመ። ጫላቸው ከመኪናው መዶሻ አመጣ፤ ቀበቶውን ፈትቶ በጀንበሬ አፍ ውስጥ በስሱ አኖረለት፣ እንዲነክሰው አይደለም፣ መንጋጋ የለውም፤ እንዲሁ ሌላ የሚያደርገው ቢጠፋ ነው። መዶሻው ሲያርፍ ዘበኛው ፊቱን አዞረ። ጄሶው በሦስተኛው ምት ተሰነጠቀ። ከውስጡ የወጣው ክንድ ሐምራዊ ነበር፣ እንደ ጎማም ተነፍቷል።

የመጀመሪያው ፊርማ አልተመሳሰለም። ሩቅያ ራሷን ነቀነቀች። ጫላቸው ክርኑን ከታች ደገፈው፤ አጥንት ከአጥንት ሲፋጭ ሦስቱም ሰሙት። ጀንበሬ በሻሹ ውስጥ እየጮኸ ስሙን ጻፈ፤ ጅራቱን አዙሮ አዙሮ፣ ከታች አሠመረበት፣ አሥራ ሰባት ዓመት በየኮንቴይነሩ ወረቀት ላይ እንዳደረገው።

ሩቅያ ፋይሉን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ማህተሙን አነሣችና ደረሰኙ ላይ መታችው።

ጫላቸው በትከሻው ተሸክሞ 7 ቢስ አደረሰው። ጽጌሬዳ የሰባሪውን ስም አስቀድማ ሰምታለች። በሩን ከፍታ የታሰረውን መንጋጋ አየች፣ ያበጠውን ክንድ አየች፣ ደም የነካውን ደረሰኝ ከባሏ ግራ እጅ ወስዳ እስከ መጨረሻው አነበበችው። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች።

«ቀኝ እጁን ነው የሰበርክልኝ?» አለችና ጫላቸውን አናቱ ላይ አሳረፈችበት። «በምን ሊጽፍ ነው?»

«እኔ እጽፍለታለሁ እትዬ፣ እስኪድን እኔ…»

«አንተ? በየትኛው እጅህ?» ደገመችው።

ጫላቸው ግራ እጁን አነሣ። እሱኑ መታችው።