ከኋላ የምትመጣ ኳስ

ጉተማ አዳማ ውስጥ በአንድ የዘይት ፋብሪካ የመጋዘን ጸሐፊ ነበር። ከሥራ ሲወጣ የግድግዳ ቴኒስ ይጫወታል። ሜዳው ከአንድ ግሪክ ነጋዴ ተወርሶ ለሠራተኞች ክበብ የተሰጠ፣ በአራት ግንብ የታጠረ ጣሪያ አልባ ግቢ ነው። ሁለት ተጫዋቾች የላስቲክ ኳስ በየተራ በራኬት እየመቱ ከፊት ለፊቱ ግንብ ጋር ያላትማሉ፤ መመለስ ያቃተው ነጥብ ያጣል።

ጨዋታውን ያስተማረው ጓደኛው ጆቴ ነበር። ጆቴን በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ወታደሮች ከዚያው ሜዳ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የፋብሪካዎች ውድድር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የጆቴ እህት ጉዲቱ ወደ ሜዳው መጣች። አስተማሪ ናት። ድሮ ወንድሟ ሲጫወት ነጥብ የምትይዘው እሷ ስለነበረች ጨዋታውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ጉተማ አምና በመጀመሪያው ዙር መሸነፉን ሰምታ ኖሮ፣ ላሠልጥንህ አለችው። እሷን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር፤ ቢሆንም እንቢ የሚልበት ምክንያት አጣ።

ብዙዎቹን ስሕተቶች በሦስት ቀን አስጣለችው። ኳሷን በጉልበት ከመደብደብ ይልቅ ዝቅ አድርጎ ወደ ጥግ መስደድን አሳየችው። ከመታ በኋላ ባለበት ተገትሮ እንዳይቀር፣ ቶሎ ወደ መሃል እንዲመለስ አስለመደችው። አንዱ ስሕተት ግን አልለቅ አለ። ተጋጣሚው ከኋላው ሆኖ ሲመታ ጉተማ ዞር ብሎ አያይም። ዓይኑን ግንቡ ላይ ተክሎ ይቆማል፤ ኳሷን የሚያያት ካለፈችው በኋላ ነው።

ሊዞር ይሞክር ነበር፤ አንገቱ እሺ አይለውም። በጠራራ ፀሐይ፣ ከእነሱ በቀር ሰው በሌለበት፣ ከኋላው በበሩ በኩል የከስክስ ጫማ ኮቴ ይሰማዋል። ኮቴው ይቀርብና ይቆማል። እስኪዞር የሚጠብቁት ይመስለዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት ጉዲቱ ኳሷን ይዛ ጨዋታውን አቆመች።

“ከኋላህ ያለው ምንድን ነው?” አለችው።

ጉተማ ፊቱን ወደ ግንቡ እንዳደረገ ነገራት። ያን ቀን ጆቴ ከኋላው ነበር። ሰዎች ሲገቡ ሰምቷል፤ ምን እንደሆኑም ገብቶታል።

“አንድ ጊዜ ብቻ ስሜን ጠራኝ። አልዞርኩም። ኳሷን መታሁ።”

ጉዲቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሲጠራህ ፈርቶ ነበር ወይ ስትል ጠየቀችው። አልፈራም፣ ነጥብ እንደሚቆጥር ሰው ረጋ ብሎ ነው የጠራኝ አላት። ወለንጪቲ ያሉት እናቷ ልጃቸው በመጨረሻ ምን እንዳለ የሚነግራቸው ሰው እስከ ዛሬ እንዳላገኙ ነገረችው።

“ለእሳቸው አንተው ንገራቸው” አለችው።

በውድድሩ ጉተማ ሁለተኛው ዙር ላይ ሳሊህ ከሚባል መካኒክ ጋር ተገናኘ። ኳሷ ወደ ኋላ በሄደች ጊዜ ኮቴው መጣ። ጉተማ ዞረ። የሳሊህን ክንድ አየ፣ ኳሷን አየ፣ መለሳት። በሁለት ነጥብ ተሸነፈ እንጂ ከዚያ በኋላ አንዲትም ኳስ ከኋላ አላመለጠችውም። ኮቴው ግን አልተወውም።

እሁድ ጠዋት ወለንጪቲ ወረደ። የጆቴ እናት አዴ ሎሚ በረንዳቸው ላይ አስቀመጡት። ሳይዞር መቅረቱን ጭምር አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። አልወቀሱትም፣ አላለቀሱም።

“እንዴት ብሎ ነው የጠራህ?” አሉት።

ጉተማ የገዛ ስሙን ጠራ፤ ልክ እንደ ጆቴ፣ ረጋ ብሎ። አዴ ሎሚ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“እስቲ ድገመው፣ ልጄ” አሉት።

ደገመላቸው። ወደ አዳማ የሚመለስበት አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ አዴ ሎሚ እጁን እንደያዙት ነበር፤ አሁንም እንዲደግመው ይጠብቃሉ።