ሶሪ አይከብድም

…ውሃው ምን ነበር ሩብ ሰዓት ቢዘገይ፣ አራት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ጠፍቶ ጉዲቱ ሽንት ቤት እስክትገባ ጠብቆ መጣ፣ ቧንቧው ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው፣ ግቢው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ወጥቷል፣ እሷ ከቆርቆሮው በር ጀርባ መቀርቀሪያውን ጨብጣ ቆማለች። መውጣት ነዋ፣ ምን ችግር አለው፣ ሰው ሽንት ቤት ገብቶ አይወጣም እንዴ። አትወጣም። ሌሊሴ ውጭ ቆማለች።

በሩ ላይ ሚስማር የበሳት ቀዳዳ አለች፣ ጉዲቱ ዓይኗን ትለጥፋለች፣ ይቺ ዓይን መቼ ነው የምታርፈው፣ ሌሊሴ ሰማያዊ ሻሽ አስራለች፣ ከስታለች፣ በሦስት ሳምንት እንዲህ ይከሳል ሰው፣ እናቷ ከጎኗ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች፣ ከኋላ ፋሪዳ ናት፣ አየር ጤና ጨርቅ የምትሸጠዋ ፋሪዳ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን፣ አንዱ ክዳን የለውም። ከጓዳዋ እስከዚህ ድረስ ሰው ሳያያት ለመግባት ጉዲቱ ስንት ጊዜ አንገቷን እንዳወጣች እሷ ታውቃለች፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነው ኑሮዋ፣ በገዛ ግቢዋ እንደ ሌባ፣ ሌሊሴ ስትገባ እሷ ጓዳ፣ ሌሊሴ ስትወጣ እሷ ደጅ።

ሶሪ በያት በቃ፣ ትል ነበር ዮዲ ብትሰማ። የጉዲቱ ልጅ ዮዲ ለሁሉም ነገር ሶሪ ናት፣ ብርጭቆ ሰበረች ሶሪ፣ አመሸች ሶሪ፣ ስልክ አላነሳችም ሶሪ እማ። አንድ ቀን ጠየቀቻት፣ ይሄ ሶሪ ሶሪ የምትይው ምን ማለት ነው፣ ይቅርታ ማለት ነዋ፣ አለቻት ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። ጉዲቱ ትምህርቱን ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የተወችው፣ እንግሊዝኛ የለችበትም፣ ሰው ግን ሲናገር ታያለች፣ ያየችውን ደግሞ ማንም አያስክዳትም። ይቅርታ አይደለም ሶሪ። ሶሪ ታክሲ ውስጥ እግር የረገጠ ሰው የሚለው ነው፣ የባንኳ ልጅ ሲስተም የለም ሶሪ ማዘር ትላለች፣ የሰርግ ቪዲዮ ያበላሸው ልጅ ሶሪ ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል፣ ተናጋሪው ይላል ያልፋል፣ የተባለው ሰው ምን አለ ብሎ ዞር የሚል የለም።

ይቅርታ ሌላ ነው። አባቷ ቡራዩ ማዶ ሳሉ በሬያቸው ጠፋ ብለው ጎረቤታቸውን ሌባ አሉት፣ በሬው ገደል ውስጥ ተገኘ፣ አባቷ በማግስቱ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው በሰውየው ደጃፍ ተንበረከኩ፣ ሰውየው ቁርሱን በላ፣ ከብቱን አወጣ፣ ረፋድ ሆነ፣ ፀሐይ ከረረች፣ ከዚያ በኋላ ነው ይቅር ለእግዜር ብሎ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያነሳው። ጉዲቱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ የአባቷ ማጅራት ቀልቶ አይታለች። ይቅርታ ይከብዳል፣ የሚያወርደውም ሌላ ሰው ነው፣ ላያወርደውም ይችላል። እሱን ሌሊሴን እንዴት አድርጋ ትጠይቃት፣ በምን ጉልበቷ።

ደግሞ ምን አለች፣ ምን ብላ ነው፣ አልዋሸችም እኮ። የዛሬ ሦስት ሳምንት አቶ ገሜዳ የሚከራይ ቤት ፈልጌ ነው ብለው ገቡ፣ ጉዲቱ ወዲያው ነቃች፣ ቤት ፈላጊ ጣሪያ ነው የሚያየው፣ እሳቸው ሰው ያያሉ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቷን ጠባይ ከጎረቤት ማጣራት የታወቀ ወግ ነው፣ ሌሊሴን ሊያገባ ለሚፈልገው፣ ያደሳ ለሚባለው ለአስኮው ልጅ አጎቱ ናቸው፣ ስለ እሷ ሊጠይቁ ነው። በርጩማ አወጣችላቸው። ወርቅ ልጅ ናት አለች፣ እውነቷን፣ ጨዋ ናት፣ ነርስ ናት፣ እናቷን ቀጥ አድርጋ ያቆመች እሷ ናት። እዚያ ላይ ማቆም ነበር። ብቻ፣ አለች። እሳቸውም በርጩማቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ። ብቻ ሲነጋጋ በመኪና ነው የምትመጣው፣ ወንድ ነው የሚያወርዳት፣ እኛማ ጠይቀን አናውቅም።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላሉ፣ እሷ ደግሞ ቀነሰችበት። መኪናው የሆስፒታሉ ሰርቪስ ነው፣ የሌሊት ተረኛ ነርሶችን በየቤታቸው የሚያደርስ፣ ታውቃለች፣ ራሷ ተሳፍራበታለች፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ንጋት ቀራንዮ መድኃኔዓለም ልትሄድ ስትወጣ ሌሊሴ ሾፌሩን ለምና አሳፍራታለች፣ እትዬ ጉዲቱን እዚያች ያድርሱልኝ ብላ፣ ሦስት ነርሶች ከኋላ እያንቀላፉ። ሰርቪስ ነው ቢሉ ምላስ ይቆረጣል? ዮዲ ሃያ ስምንት ሞላት። በዮዲ ጉዳይ አንድም ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ይሄን ግቢ ረግጦ አያውቅም። እሱ ነው። ሌላ ምንም አይደለም፣ እሱ ነው። አቶ ገሜዳ አመስግነው ወጡ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ቀሩ፣ ያደሳም ለሌሊሴ ከጎረቤትሽ ነው የሰማነው ብሏት ስልኩን ዘጋ፣ የትኛዋ ጎረቤት እንደሆነች አልነገራትም።

ቀዳዳዋ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። የሌሊሴ እናት የፋሪዳን ጀሪካን በእግሯ ከሰልፉ አወጣችው፣ ቀስ ብላ፣ ባዶ ጀሪካን ሲጎተት የሚያወጣው ድምፅ።

የልጄን እንጀራ የዘጋች ሰው ከእኔ ኋላ ውሃ አትቀዳም፣ አለች።

ማነው የዘጋው፣ አለች ፋሪዳ።

ሰውየውን በር ድረስ የሸኘሽው አንቺ አይደለሽ።

ወላሂ ሰላም ነው ያልኳቸው፣ ሲወጡ አገኘኋቸው፣ ሰላም አልኳቸው፣ በቃ።

ሌሊሴ እማዬ ተይ ትላለች፣ እናቷ አትተውም፣ የፋሪዳ ወንድም ዞር ብሎ ሳያያት ስንት ዓመት ውጭ አገር እንደከረመ፣ ሱቋ ውስጥ የሰው ስም ሲነሳ ሲጣል እንደሚውል፣ ምን ያላለችው አለ፣ ጉዲቱ ሁሉንም ትሰማለች፣ ግማሹን ወሬ ራሷ ናት ለሌሊሴ እናት ያቀበለቻት፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ምክንያት። ፋሪዳ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ጀሪካኖች አነሳች፣ ባዶአቸውን፣ አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት አላት፣ ውሃው ዛሬ ከሄደ የሚመለሰው ደግሞ ሰኞ ነው።

ቆይ፣ ዝም ካልኩ ያልቃል፣ ይላል የጉዲቱ ሆድ፣ ይቀዳሉ፣ ይበተናሉ፣ ቀስ ብዬ እወጣለሁ፣ ማን ያውቃል፣ አቶ ገሜዳ ተመልሰው አይመጡ፣ ፋሪዳ ሴት ናት ትችላለች፣ ጊዜ ይሽረዋል፣ እኔ እዚህ ቆሜ፣ እግሬ ደንዝዞ፣ ሽታው ዓይኔን እያቃጠለ፣ ነገም እንዲሁ፣ ሰኞም እንዲሁ፣ ፋሪዳ በሯ ደርሳለች፣ እየገባች ነው፣ መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ፣ ማን ሳበው፣ እኔ ነኝ የሳብኩት?

በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። ብርሃን ነው። ሁሉም ዞረው ያዩዋታል፣ ጀሪካን ደጃፉን ዘግቶባታል፣ የሌሊሴ ነው፣ ሌሊሴ ሮጣ ታነሳዋለች።

ሶሪ እትዬ ጉዲቱ፣ ሰው መኖሩን አላወቅንም፣ መንገድ ዘጋንብዎት።

ሶሪ አለቻት። ለእሷ። ቀለል አድርጋ፣ ከልቧ፣ ጀሪካኑን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ የከሳ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ። ጉዲቱ ማለፍ ትችላለች፣ ምንም አይደል ልጄ ብላ፣ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ጓዳዋ። ይቅርታ ሊል አፏ ይሞክራል፣ እምቢ፣ ሶሪ ልትል ትሞክራለች፣ እሱም እምቢ።

ፋሪዳ፣ ትላለች፣ አትግቢ። እኔ ነኝ።

ምንድን ነሽ አንቺ፣ ትላለች የሌሊሴ እናት።

ጉዲቱ ከመኪናው ትጀምራለች፣ ለሰውየው የነገርኩት እኔ ነኝ፣ በመኪና ትመጣለች አልኩ፣ ሰርቪስ ነው አላልኩም፣ ሰርቪስ መሆኑን አውቅ ነበር፣ ሌሊሴ፣ በዝናቡ ጊዜ አሳፍረሽኝ፣ አውቅ ነበር፣ እያወቅኩ…