ጅራቱ ላይ ያለው ቁጥር

«እህቴ፣ ላጽናናችሁ ነው የመጣሁት» አለ ሰውየው፣ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ። «ግን ለማን እንደማዝን ልወቅ። ለአንድ ደግ ሽማግሌ ነው ወይስ ወንድሜን ለገደለ ሰው?»

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሻይ ያማስል የነበረ ሰው ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ።

ሰውየው ከአራት ቀን በፊት ክንፏ ተገንጥሎ የወደቀችው ትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ወንድም ነው። እሱም ሐዘንተኛ ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል። የሟቹ ሽማግሌ ታናሽ ወንድም ግን ይህን ከየት ይየው! ዘሎ ተነሣ።

«አንተ ሰው! አፈሩ ሳይደርቅ ቤቱ ድረስ መጥተህ...»

«ተወው አጎቴ» አለች የሟች ልጅ። «ይጠይቅ። ሌላውም በሹክሹክታ ሲጠይቅ ነው የሰነበተው።»

እውነቷን ነው። ወሬ መቼም ክንፍ አያጣም። ሦስቱን ቀን ሁሉ፣ ሻይ ይዛ በገባች ቁጥር ይቋረጣል፤ ስትወጣ ይቀጥላል። «318 አይደለችም እንዴ የወደቀችው? ጡረታ ሲወጣ የመጨረሻ ፊርማውን ያኖረው እሷ ላይ ነው አሉ።» «ዝም በይ፣ ልጂቱ ትሰማለች።»

እንግዲህ የሚታማው ማን መሰላችሁ? ባልደረቦቹ «ቡሎን» የሚሉት መካኒክ ነው። ሰው ቤት ተጋብዞ የተቀመጠበት ወንበር ከተነቃነቀ ሳያጠብቀው አይነሣም። «ሰርግ ላይ እንኳ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አሳፍሮኛል» ትላለች ሚስቱ። አውሮፕላን ጠግኖ ሲፈርም ደግሞ፣ በራሱ ደብተር ላይ ጅራቱ ላይ የተቀባውን ቁጥር ብቻ ጽፎ አይተውም፤ ተንበርክኮ አካሉ ላይ የተመታውን የፋብሪካ ቁጥርም ይጨምራል። ሲስቁበት «ቀለም ይፋቃል ልጆቼ፤ ብረት አይዋሽም» ይል ነበር።

ልጁ ደግሞ ሥራዋ የአውሮፕላን መዝገብ ቤት ነው። ጅራት ላይ ያለውን ቁጥር ፕሮግራሙ ላይ ስትጽፍ ባለቤቱ፣ ዕድሜው፣ የፋብሪካ ቁጥሩ ይዘረዘራል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እሷ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩን አልከፈተችም። ብትከፍተውና የወደቀችው አባቷ የፈረመባት ሆና ብትገኝስ?

ሌላም ነገር አለ፤ ለማንም አልነገረችም። አውሮፕላኗ የወደቀች ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ አባቷ ደውሎላት ነበር።

«ልጄ፣ ሥራ ላይ ነሽ?»

«ስብሰባ ልገባ ነው አባዬ። ምነው?»

«የ318ን የፋብሪካ ቁጥር እይልኝ። አሁን በራዲዮ...»

«ነገ ልይልህ?»

«እሺ የኔ ዓለም። ነገ።»

ስልኩን ቶሎ አልዘጋውም። ትንፋሹ ይሰማት ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ልቡ ቀጥ አለ።

«እማዬ፣ የአባዬን ደብተር አምጪልኝ» አለች አሁን፤ ኮምፒውተሩንም ጭኗ ላይ ከፈተች።

«ተይ ልጄ፣ ይቅርብሽ» አለ አጎቷ። ድምፁ ረግቧል፤ እሱም ፈርቷል።

318 ብላ ጻፈች። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው፤ ማያው ላይ ያለው ክብ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። የአብራሪው ወንድም ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። አንዲት ጎረቤት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ወጣ።

ልጂቱ የማያውን የፋብሪካ ቁጥር ከደብተሩ ጋር በጣቷ እየተከተለች አስተያየች። አንዴ። ሁለቴ።

«አይገናኝም» አለች።

«እንዴት አይገናኝም? 318 አይደለችም?»

«ና፣ እይ። አባቴ የፈረመባት ከስድስት ወር በፊት ወደ ውጭ ተሽጣለች። ከመዝገብ ስትሰረዝ ቁጥሯ ለሌላ አውሮፕላን ተሰጠ፤ የመኪና ሰሌዳ ከአንዱ ተፈቶ ሌላው ላይ እንደሚታሰር። ወንድምህ ያበረራት ሌላ ናት። አባቴ ዓይኗንም አላያት።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አነበበ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ደብተሩ ላይ ካለው ጋር አመሳከረ። ከዚያ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«ይቅር በሉኝ» አለ። «ቤቱ ድረስ መጥቼ... ይቅር በሉኝ።»

አጎትየው መጥቶ ትከሻውን ያዘው። «ሐዘን የማያደርገው የለም ወንድሜ። ሻይህ ቀዘቀዘ፤ ይቀየርልህ።»

እናትየው እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ተመስገን! እኔማ ብያችሁ ነበር። እሱ ያውቅ ነበር። ቢያውቅ ነው እንዲያ ረጋ ብሎ ያረፈው። አይደለም ልጄ?»

ልጂቱ «ነገ ልይልህ» ያለችው ነው የታወሳት፤ ዓይኗን ከማያው አላነሣችም። ቤቱ እንደገና በወሬ ሞቀ፤ ሲያሙ የነበሩት ናቸው አሁን ከሁሉ በላይ የሚያመሰግኑት።

እሷ የፋብሪካ ቁጥሩን አጎላችው። ደግማ አጎላችው፤ ማያውን እስኪሞላ። አባቷ ደቃቅ ጽሑፍ ያስቸግረው ነበር። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከጭኗ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ ቀስ አድርጋ ሰው ወዳልተቀመጠበት የአባቷ ወንበር አዞረችው።